አዲሱ እንክብል ከነባሩ መደርደሪያ ሲገናኝ፦ የባይፖላር መድኃኒቶች ከሀዋሳ ሲታዩ

ሀዋሳ ውስጥ ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ አንድ ፋርማሲ ተራዬን እየጠበቅሁ ሳለ፣ ከፊቴ የነበሩ አንዲት እናት ከፌስታላቸው ሁለት ነገር አውጥተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። አንደኛው ለልጃቸው ካርባማዜፒን የታዘዘበት ወረቀት ነው። ሌላው ደግሞ ሉማቴፔሮን የሚል ስም የታተመበት፣ ከአሜሪካ በሰው ሻንጣ የመጣ የእንክብል እሽግ ነው። ከአለታ ወንዶ ሌሊት ተነሥተው እንደመጡ ከነገሩት በኋላ፣ «እኅቱ ናት የላከችለት፤ አዲስ የወጣ ነው፣ አያወፍርም፣ አያደነዝዝም ብላኛለች። ታዲያ የድሮውን ላስተወው ወይስ ደርቤ ልስጠው?» ብለው ወጣቱን ፋርማሲስት ጠየቁት። እርሱም እሽጉን አገላብጦ አየና፣ «እናቴ፣ ይኼ እኛ ጋ የለም። ሐኪሙ ሳያየው አንዱንም እንዳያስቆሙ፣ አንዱንም እንዳያስጀምሩ» አላቸው።

የፋርማሲስቱ መልስ ትክክል ነበር። የእናትየዋ ጥያቄ ግን ከዚያ የረዘመ መልስ የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም ባለፉት ዓመታት ለባይፖላር ሕመም የወጡት መድኃኒቶች ለእኛ ምን እንደያዙና ምን እንዳልያዙ የሚታየው፣ አዲሱ እንክብል እዚህ በመደርደሪያችን ላይ ካለው መድኃኒት ጋር በአንድ ሰው ሆድ ውስጥ ሲገናኝ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ባይፖላር ሁለት ተቃራኒ ጫፎች ያሉት የስሜት ሕመም ነው። በማኒያ ወቅት ሰውየው ቀናት ሙሉ ሳይተኛ አይደክምም፣ ንግግሩ አይቋረጥም፣ ያለውን ገንዘብ ይበትናል፣ ከዚህ ቀደም የማይደፍረውን ይደፍራል። በድባቴ ወቅት ደግሞ ያው ሰው ከአልጋው መነሣት ያቅተዋል፣ የሚበላው አይጥመውም፣ መኖርም ይሰለቸዋል። ሕመሙ የውጭ አገር ሰው ሕመም አይደለም። ያኔ መቀመጫው ሀዋሳ በነበረው የደቡብ ክልል ሥር ትገኝ በነበረችው ቡታጅራ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ በተጀመረው ትልቅ ጥናት 68,378 ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው ባይፖላር ያለባቸው 315 ሰዎች ተገኝተዋል። ከ200 ሰው አንድ ማለት ነው፤ ሀዋሳን በሚያህል ከተማ ቁጥሩ ሺዎችን ይነካል።

ቤተሰብ ወደ ሐኪም የሚሮጠው አብዛኛውን ጊዜ ለማኒያው ነው። ማኒያ ጎረቤት ይሰማዋል፣ ፖሊስ ያስጠራል፣ ገንዘብ ያጠፋል። ሕመምተኛው ዝም ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞር ግን «ተመስገን፣ ጋብ አለለት» ይባላል። ይህ ቃል ስንት ጊዜ ጆሮዬ እንደገባና ስንት ጊዜ እንዳሳዘነኝ መናገር ይከብደኛል፤ ምክንያቱም ጋብ ያለ የሚመስለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሕመምተኛው ነፍሱን ለማጥፋት የሚያስብበት ጊዜ ነው። በ2002 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 146 የባይፖላር አንድ ሕሙማንን በአማካይ ወደ 13 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተከታትሎ ስሜታቸውን ሳምንት በሳምንት ሲመዘግብ፣ ከሳምንቶቹ 32 በመቶ ያህሉ በድባቴ ምልክት፣ 9 በመቶ ያህሉ ብቻ በማኒያ ምልክት ማለፋቸውን አግኝቷል። ባይፖላር ሁለት በሚባለው፣ ማኒያው ቀለል በሚልበት ዓይነት ደግሞ ድባቴው ከሳምንቶቹ ግማሽ ያህሉን ይዟል።

ለረጅም ጊዜ ሕክምናው የተቸገረው እዚህ ላይ ነው። ማኒያን የሚያበርዱ መድኃኒቶች ከ1950ዎቹ ጀምሮ አሉ፤ እኛ ጋም ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን ሐኪሙም አስታማሚውም የሚያውቃቸው ናቸው። ለድባቴው ግን እንደ ፍሉኦክሴቲን ወይም አሚትሪፕቲሊን ያለውን የድባቴ መድኃኒት ስሜት የሚያረጋጋ ሌላ መድኃኒት ሳይደረብበት ለብቻው መስጠት፣ ሰውየውን ከድባቴ አውጥቶ ወደ ማኒያ ሊያሻግረው ይችላል። አንድ ሰው በድባቴ ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ «ከዚህ በፊት ሳትተኛ ሳይደክምህ የቆየህበት ጊዜ ነበር?» ብሎ የሚጠይቀው ካላገኘ፣ በቅን ልቡና የታዘዘለት ፍሬ ራሱ ሊጎዳው ይችላል።

አዲሶቹ የሚባሉት መድኃኒቶች በአብዛኛው ለዚሁ ክፍተት የቀረቡ መልሶች ናቸው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለባይፖላር ድባቴ ብሎ በመጀመሪያ የፈቀደው በ2003 ኦላንዛፒንንና ፍሉኦክሴቲንን ያጣመረውን መድኃኒት ነበር። በ2006 ኩዌቲያፒን፣ በ2013 ሉራሲዶን፣ በ2019 ካሪፕራዚን፣ በታኅሣሥ 2021 ደግሞ እናትየዋ የያዙት ሉማቴፔሮን ተከተሉ። ሉማቴፔሮንን ከቀደሙት የሚለየው ለባይፖላር አንድም ለባይፖላር ሁለትም፣ ለብቻውም ሆነ ስሜት ከሚያረጋጉት ነባር መድኃኒቶች ከሊቲየም ወይም ከቫልፕሮዌት ጋር ተደርቦ እንዲሰጥ መፈቀዱ ነው። አንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለውን መልእክት አድራሽ ንጥረ ነገር የሚቀበሉትን በሮች በኃይል ሲዘጋ፣ ሌላውን መልእክት አድራሽ ዶፓሚንን የሚቀበሉትን ግን በከፊል ብቻ ይይዛል፤ መገተርና መንቀጥቀጥ፣ የክብደት መጨመርም እምብዛም የማይታዩበት በዚህ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይታሰባል። በቀን አንዴ የሚዋጥ 42 ሚሊግራም እንክብል ነው።

ታዲያ ምን ያህል ይሠራል? ለፈቃዱ መሠረት ከሆኑት ጥናቶች በአንዱ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ የድባቴ ምልክታቸው ቢያንስ በግማሽ የቀነሰላቸው ሰዎች መድኃኒቱን ከወሰዱት 51 በመቶ፣ መድኃኒት የሌለበትን አምሳያ እንክብል ከወሰዱት ደግሞ 37 በመቶ ነበሩ። ይህን ቁጥር አስተውሎ ማንበብ ይገባል። በመድኃኒቱ ምክንያት የተጨመረው ጥቅም ከ100 ሰው ለ14ቱ ያህል ነው፤ ሰባት ሰው ታክሞ አንዱ፣ ያለ መድኃኒቱ የማያገኘውን መሻሻል ያገኛል። ይህ ትንሽ አይደለም፤ ለዚያ ለአንዱ ሰው ሕይወቱ ነው። ነገር ግን እኅትየዋ በስልክ የነገረቻቸውን ያህል ታምርም አይደለም፤ ከኩዌቲያፒንም በእጅጉ ይልቃል ብሎ ማስረጃ የሚያቀርብ የለም። አዲሶቹን ከአሮጌዎቹ ይበልጥ የሚለያቸው የሚያስቀሩት ጉዳት ነው።

ይህንንም አቅልዬ አላየውም። ታማሚዎች መድኃኒት ከሚያቆሙባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ሰውነታቸው ላይ የሚያመጣው ለውጥ ነው፤ በአንድ ዓመት ልብሷ ሁሉ የጠበባት ወጣት ፍሬዋን ብትጥል የምትወቀስ አይደለችም። ኦላንዛፒን ጥሩ ይሠራል፣ ግን ያወፍራል። ስለዚህ በ2021 ሳሚዶርፋን ከሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ጋር ተጣምሮ ቀረበ፤ ለ24 ሳምንት በተደረገ ጥናት ኦላንዛፒን ብቻውን የወሰዱት ክብደታቸው በአማካይ 6.6 በመቶ ሲጨምር፣ ጥምሩን የወሰዱት 4.2 በመቶ ጨምረዋል። ማወፈሩን ቀነሰው እንጂ አላስቀረውም። ሳሚዶርፋን እንደ ሞርፊንና ትራማዶል ያሉትን የሕመም ማስታገሻዎች ሥራ ስለሚያከሽፍ ደግሞ ለቀዶ ሕክምና የሚገባ ሰው ቀድሞ መናገር ይኖርበታል። ካሪፕራዚን ብዙም አያወፍርም፣ ነገር ግን መቀመጥ እስኪያቅት የሚያቁነጠንጥ ስሜት ሊያመጣ ይችላል። ከሰውነት የሚወጣውም ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ፣ ጥቂት ቀን ቢቋረጥ ቶሎ አያገረሽም፤ የጎንዮሽ ጉዳቱም በዚያው ልክ ዘግይቶ ይመጣል፣ ዘግይቶም ይሄዳል።

በመርፌ የሚሰጡትም ተሻሽለዋል። እዚህ በወር አንዴ የሚወጋውን ፍሉፌናዚን የማያውቅ አስታማሚ የለም፤ በ2023 ደግሞ በሁለት ወር አንዴ የሚሰጥ የአሪፒፕራዞል መርፌ ለባይፖላር አንድ ተፈቅዷል። ከገጠር ለሚመላለስ ሰው ስድስት ቀጠሮ በዓመት ትልቅ እፎይታ ነው። ይሁን እንጂ በጥናት የታየው የአሪፒፕራዞል መርፌ ጥቅም በዋናነት ማኒያን መከላከል ነው፤ ድባቴውን ያስቀራል ማለት አይደለም። ለማኒያ በ2024 የተፈቀደው ኢሎፔሪዶን፣ ለድንገተኛ መረበሽ ከምላስ ሥር የሚቀመጠው የዴክስሜዴቶሚዲን ስስ ቅጠልም አሉ፤ ለእኛ ለውጥ ያመጣሉ ብዬ ስለማላስብ አልቆይባቸውም።

ኬታሚን ግን ለብቻው ቃል ይገባዋል፣ ምክንያቱም እርሱ እኛ ጋ አለ፤ በየቀዶ ሕክምና ክፍሉ ለማደንዘዣ ይሠራበታል። በ2010 በታተመ ጥናት ሊቲየም ወይም ቫልፕሮዌት እየወሰዱ በድባቴ ለቆዩ 18 የባይፖላር ሕሙማን አንድ ጊዜ በደም ሥር ሲሰጣቸው፣ መሻሻሉ በ40 ደቂቃ ውስጥ ታየ፤ ከቀናት በኋላ ግን ደበዘዘ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ መድኃኒቱ ለባይፖላር አልተፈቀደም፣ ሱስም ሊያስይዝ ይችላል። መድኃኒቱ በእጃችን ስላለ ብቻ ያለ ክትትል የሚሞክረው ሰው እንዳይኖር እሰጋለሁ።

አሁን ወደ እናትየዋ ጥያቄ ልመለስ፦ «ደርቤ ልስጠው?» ካርባማዜፒን ለሚጥል በሽታ ስለሚያገለግል በብዙ ፋርማሲ የሚገኝ፣ ዋጋውም የሚቀመስ መድኃኒት ነው፤ ለባይፖላርም በብዛት የሚታዘዘው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ካርባማዜፒን ጉበትን ሌሎች መድኃኒቶችን በፍጥነት እንዲያቃጥል ያነሣሣዋል። ሉማቴፔሮን፣ ካሪፕራዚን፣ ሉራሲዶን፣ ኩዌቲያፒንም ሳይቀር የሚቃጠሉት በዚያው የጉበት መንገድ ነው። በመሆኑም ልጁ ካርባማዜፒኑን እየዋጠ ከአሜሪካ የመጣውን እንክብል ቢደርብበት፣ እንክብሉ ደሙ ውስጥ በቂ ሆኖ ሳይቆይ ያልቃል። ቤተሰቡ አዲሱን መድኃኒት ሞክረን አልሠራም ይላል፤ እውነቱ ግን መድኃኒቱ ከአንጎል ሳይደርስ ጉበት ላይ መቅረቱ ነው። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ይህንኑ ያደርጋል፤ በእኛ አገር ሁለቱን ሕመም በአንድ ላይ የያዘ ሰው ማግኘት ብርቅ አይደለም። «የድሮውን ላስተወው?» ለሚለውም መልሱ ቀላል አይደለም። ስሜት አረጋጊን ድንገት ማቋረጥ ሕመሙን ሊያገረሸው ይችላል፤ ካርባማዜፒን ጉበት ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖም ከቆመ በኋላ ሳምንታት ይቆያል። መለወጥ ካስፈለገ ሐኪሙ የሚመራው፣ ቀስ በቀስ የሚደረግ ሥራ ነው።

ሉራሲዶን ሌላ ነገር ይዞ ይመጣል። ቢያንስ 350 ካሎሪ ካለው ምግብ ጋር ካልተወሰደ ሰውነት በቂውን አያገኝም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ወይም በረመዳን የሚጾም ሰው መቼ እንደሚውጠው፣ በቀን አንዴ ብቻ የሚበላ ሰውስ ከምን ጋር እንደሚውጠው ሳይጠየቅ ቢታዘዝ ድካሙ ከንቱ ነው። የመድኃኒት ማዘዣ የሚጽፍ ሁሉ የታማሚውን ማዕድ ማወቅ እንዳለበት ይህ አንዱ ማሳያ ነው።

ስለ ወጣት ሴቶች በተለይ መናገር እፈልጋለሁ። በ2016 ከተመረቀው የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወዲህ ከየገጠሩ መጥተው በቁጥር በዝተው የሚሠሩት፣ ለብዙዎቻቸውም ከቤተሰብ የራቀ የመጀመሪያ ኑሯቸው የሆነው ሴቶች፣ ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ በሚጀምርበት ዕድሜ ላይ ናቸው። እንቅልፍ ማጣት ማኒያን ከሚቀሰቅሱ ነገሮች ዋነኛው እንደመሆኑ፣ በየትኛውም ቦታ የሌሊት ሥራና የጫት ምርቃና ለዚህ ሕመም ቅርብ ለሆነ ሰው አደገኛ ናቸው። መድኃኒቱም ምርጫ ይጠይቃል። ካርባማዜፒን የወሊድ መከላከያ ፍሬንም በክንድ የሚቀበረውንም ያዳክማል፤ ተማምና የተቀመጠች ሴት ሳታስበው ልታረግዝ ትችላለች። ቫልፕሮዌት የባሰ ነው። በማኅፀን ሳሉ ለዚህ መድኃኒት ከተጋለጡ 100 ሕፃናት ወደ 10 የሚሆኑት ከአካል ጉድለት ጋር ይወለዳሉ፣ ከ30 እስከ 40 የሚሆኑት ደግሞ በአእምሮ ዕድገታቸው ይቸገራሉ። ብሪታኒያ በ2018 እርግዝና የመከላከል ጥብቅ ክትትል ለሌላቸው ሴቶች እንዳይሰጥ የከለከለችው ለዚህ ነው። ልጅ መውለድ ለምትችል ሴት ከቫልፕሮዌት ይልቅ ኩዌቲያፒን ወይም ሊቲየም ማግኘት መቻል የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

የዋጋውን ነገር በአጭሩ ልለፈው፤ የሉማቴፔሮን የአንድ ወር ዋጋ በአሜሪካ ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የሚገባ ነገር ሁሉ ምን ያህል እንደናረ አንባቢ ያውቀዋል። በሻንጣ የሚመጣ መድኃኒት ደግሞ የሚላክበት ሰው ሲጠፋ፣ ወይም ላኪዋ ሥራ ስትቀይር ያልቃል፤ የተጀመረ መድኃኒት በድንገት ማለቁ አንዳንዴ ካለመጀመሩ ይብሳል። ኩዌቲያፒንና አሪፒፕራዞል ግን የባለቤትነት መብታቸው ካለፈ ዓመታት ስለተቆጠሩ ብዙ ፋብሪካ በርካሽ ይሠራቸዋል። አዲስ ነገር እናስገባ ከተባለ ግፊቱ መደረግ ያለበት እነዚህ ሳይቆራረጡ እንዲኖሩ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉ በላይ ግን የምቆረቆርለት ሊቲየም ነው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ በማኒያ በታመሙ ሰዎች ላይ ሞክሮ ውጤቱን በ1949 አሳተመ፤ አሜሪካ በ1970 ፈቀደችው። ከተፈጥሮ የሚገኝ ጨው ስለሆነ ማንም በባለቤትነት ሊይዘው አልቻለም፤ ስለዚህም የሚያስተዋውቀው ኩባንያ የለም፤ ወጣት ሐኪሞችም በየጊዜው የሚሰሙት ስለ ሌላው ነው። ሆኖም ማኒያንም ድባቴንም በመከላከል፣ በተለይም ራስን የማጥፋትን አደጋ በመቀነስ ረገድ ከኋላው የመጡት ሁሉ የሚለኩት በእርሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስቀምጦታል።

የሊቲየም ችግር በሚጠቅመውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ መሆኑ ነው። በደም ውስጥ ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል በሊትር ሲሆን ይሠራል፤ 1.5 ሲያልፍ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ መንቀጥቀጥ፣ መንገዳገድ ይጀምራል፤ ከዚያም በላይ ከሄደ ይገድላል። ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ሲሆን፣ ኩላሊት ሊቲየምንና ተራውን ጨው በአንድ መንገድ ስለሚያስተናግዳቸው፣ ሰውየው ውኃና ጨው ሲያጣ ኩላሊቱ ሊቲየሙን አስቀርቶ ይይዛል። በሀዋሳ የበጋ ሙቀት ሲያልበው የዋለ ቀን ሠራተኛ፣ ተቅማጥ የያዘው ሰው፣ ውኃ ሳይቀምስ የሚውል ጿሚ በዚህ ምክንያት ፍሬውን ሳይጨምር ሊመረዝ ይችላል። ለወገብ ሕመም ያለ ማዘዣ የሚገዛው ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌንም እንዲሁ የሊቲየሙን መጠን ከፍ ያደርገዋል፤ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶችም እንደዚያው። ስለዚህ በየጊዜው የደም ምርመራ፣ የኩላሊትና የእንቅርት ዕጢ ክትትል ያስፈልገዋል። ሐኪሞች ሊቲየምን ለመጻፍ የሚያመነቱት መድኃኒቱን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ መጠኑን የሚለካ ላቦራቶሪ አስተማማኝ ሆኖ ካላገኙ ዓይናቸውን ጨፍነው እንደማከም ስለሚሆንባቸው ነው። በእኔ ግምት በሲዳማና በዙሪያው ላለ የባይፖላር ሕመምተኛ ሊጨመርለት የሚችለው ትልቁ አዲስ ሕክምና፣ በየቀጠሮው ሳይቋረጥ የሚሠራ የሊቲየም ደም ምርመራ ነው።

ተመራማሪዎች ሊቲየም ለማን እንደሚሠራ አስቀድሞ ለማወቅ በዘር መረጃ እየፈለጉ ነው። በ2025 በታተመ ትልቅ ጥናት ባይፖላር ካለባቸው ከ158,000 በላይ ሰዎች የተሰበሰበ መረጃ ተመርምሮ ከሕመሙ ጋር የተያያዙ 298 የዘር ቦታዎች ተለይተዋል። ከመረጃው አብዛኛው ከአውሮፓ ዝርያ ሰዎች የመጣ ነው። ኢትዮጵያ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከደቡብ አፍሪካ ጋር የተሳተፈችበት ኒውሮጋፕ የተባለው ጥናት በዚህ ረገድ ተስፋ የሚሰጠኝ፣ ነገ የሚሠራው መድኃኒት የእኛንም ደም አይቶ እንዲሠራ መንገድ ስለሚከፍት ነው።

እስከዚያው ድረስ ግን ሥራው ያለው በዝርዝሩ ላይ ነው። የሊቲየም ደም የሚቀዳው የመጨረሻው ፍሬ ከተዋጠ ከ12 ሰዓት በኋላ ነው፤ ማታ 3 ሰዓት የዋጠ ሰው በማግሥቱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ የጠዋቱን ሳይውጥ ላቦራቶሪ መገኘት አለበት። ከአለታ ወንዶ ማለዳ የተነሣ ሕመምተኛ በሰዓቱ ሀዋሳ ይደርሳል። በካርድ ክፍልና በክፍያ መስኮት ተሰልፎ ደሙ 6 ሰዓት ላይ ከተቀዳ ግን ቁጥሩ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ይወጣል፤ ሰዓቱን ያልጠየቀ ሐኪምም መጠኑ አነሰ ብሎ ሊጨምርለት ይችላል። የጠዋቱን ፍሬ መንገድ ላይ ውጦ ከመጣ ደግሞ ቁጥሩ ያለ ልክ ከፍ ይላል። በላቦራቶሪው ወረቀት ላይ የተዋጠበትና የተቀዳበት ሰዓት የሚጻፍበት አንድ መስመር ቢኖር ይህ ስሕተት በቀላሉ ይታያል፤ የሊቲየም ሕሙማንም በዚያ ጠዋት ያለ ወረፋ ቢስተናገዱ ከመሠረቱ አይፈጠርም።